የቡከር ዋሽንግተን ደብዳቤዎች

ሰውን በንግግሩ ነው ወይስ በደብዳቤው የምንመዝነው? ይኼ ጥያቄ በመካከላችን ክርክር ካስነሣ ሰንብቷል። ክርክሩ የተነሣው ስለ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ነው፤ በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት ስላቋቋመው ስለ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ተስኪጊ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ግማሾቻችን «አጎብዳጅ ነበር፣ አለቀ» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ቆይ እንጂ፣ ወረቀቶቹስ?» አልን። እውነትም የነገሩ ቋጠሮ ያለው ወረቀቶቹ ላይ ስለሆነ፣ የደረስንበትን ለጓደኞቻችን ማካፈል ፈለግን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን በአደባባይ የሚታወቀውን ሰው እናንሣ። ዋሽንግተን በ1856 ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። ነፃነት ሲመጣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጨው ማምረቻና የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሠርቶ፣ በሃምፕተን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1881 ተስኪጊ ሲደርስ ያገኘው ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ ያለ ብቻ ነበር። የአላባማ መንግሥት ለመምህራን ደመወዝ በዓመት 2,000 ዶላር ፈቅዷል፤ መሬትና ቤት ግን የለም። ጡቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው ጠፍጥፈው፣ ራሳቸው ተኩሰው ገነቡት። በ1915 ሲሞት 1,500 ያህል ተማሪዎች፣ ከ100 በላይ ሕንፃዎችና ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥሪት ትቶ ነው። ይህን ማንም አይክደውም።

ጠቡ ያለው በ1895 አትላንታ ላይ ባደረገው ንግግር ነው። በነጮችና በጥቁሮች ፊት ቆሞ፣ ወገኖቹ በእርሻና በእጅ ሙያ እንዲጀምሩ፣ የማኅበራዊ እኩልነትን ጥያቄ ለጊዜው እንዲተዉት መከረ። ነጮቹ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጡት። ለምን አያናውጡት! ከባለጠጎች ገንዘብ ጎረፈለት፤ በ1901 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዋይት ሐውስ ጠርቶ ራት አበላው። በዚያው ዓመት ግን አላባማ አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥታ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ነጠቀች። ዱ ቦይስ በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ዋሽንግተንን በስም ጠርቶ የተቸው ይህን ሁሉ እያየ ነው። መብትህን ዝም ብለህ እየተነጠቅህ ጡብ ብትሠራ ጡቡ የማን ይሆናል? የዱ ቦይስን ሐሳብ በራሳችን አነጋገር ስናስቀምጠው እንዲህ ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ በቆመ ነበር። ይሁን እንጂ ዋሽንግተን ወረቀት የሚጥል ሰው አልነበረም። ከ1897 ጀምሮ ጸሐፊው የነበረው ኤሜት ስኮትም እንደዚሁ ነበር፤ የመጣውን ደብዳቤ፣ የሄደውንም ቅጂ ያስቀምጡ ነበር። ከለጋሾች ጋር የተጻጻፈው፣ የትምህርት ቤቱ ሒሳብ፣ ስለ ተማሪዎች ምግብና ንጽሕና የተጻፈው ማስታወሻ ሁሉ አንድ ላይ ተከማችቷል። (ስለ ጥርስ ብሩሽ የነበረውን ጥብቅነት ያነበበ ሰው ይህ አይደንቀውም።) ዛሬ ዋሽንግተን ከተማ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ይህ ክምችት ከ300,000 በላይ ወረቀት ይዟል። ኦገስት ማየር የተባለ የታሪክ ሰው በ1950ዎቹ፣ ከዚያም ሉዊስ ሃርላን ለረጅም ዓመታት ወረቀቶቹን ፈተሹ። በሃርላን መሪነት የተመረጡት ደብዳቤዎች ከ1972 እስከ 1989 በ14 ጥራዝ ታትመዋል።

ታዲያ ምን ተገኘ? ያ በአደባባይ «ቀስ በሉ» ሲል የነበረ ሰው በስውር የፍርድ ቤት ክርክር ገንዘብ ይከፍል ኖሯል! የአላባማን የምርጫ ሕግ የተቃወመውን የጃክሰን ጋይልስን ክስ ይዞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ጥቁሩ ጠበቃ ዊልፎርድ ስሚዝ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ ወጪውን የረዳው ዋሽንግተን ነው። ስኮትና ስሚዝ ስለ ክሶቹ ሲጻጻፉ በእውነተኛ ስማቸው አይጠቀሙም ነበር። ስኮት «አር. ሲ. ብላክ»፣ ስሚዝ «ጄ. ሲ. ሜይ» እየተባሉ ይፈርሙ ነበር። ደብዳቤው በአንድ ነጭ የፖስታ ሠራተኛ እጅ ቢከፈት ትምህርት ቤቱ እንዳይቃጠል መሆኑ ነው።

ጥቁሮች በዳኝነት ሸንጎ እንዳይቀመጡ መደረጋቸውን የተቃወመውንና በ1904 ያሸነፈውን የሮጀርስን ክስ፣ እንዲሁም የአሎንዞ ቤይሊን ጉዳይ በድብቅ ደግፏል። ቤይሊ 15 ዶላር በቅድሚያ ተቀብሎ ለአንድ ዓመት የእርሻ ሥራ የተዋዋለ ጭሰኛ ነበር። ሥራውን ትቶ ስለ ሄደ ብቻ እንደ አጭበርባሪ ተፈረደበት። እንዲህ ያለው ሕግ በዕዳ ስም የመጣ ባርነት ነበር። በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው።

እንግዲህ «አጎብዳጅ» ያልነው ወገን እዚህ ላይ ትንሽ አፈርን። ሌሎቻችን ደግሞ «አያችሁ! ሰምና ወርቅ ነው፤ ንግግሩ ሰሙ፣ ደብዳቤው ወርቁ» ብለን ፎከርን። ነገር ግን የዚያው ክምችት ሌላው ክፍል ሲገለጥ ፎካሪውም ዝም አለ። ምክንያቱም ይኸው ሰው፣ በዚሁ ስውር ጥበብ፣ በገዛ ወገኖቹ ላይ ሰላይ አሰማርቷል። በ1905 ዱ ቦይስና ጓደኞቹ የናያጋራን ንቅናቄ ሲመሠርቱ፣ ከመካከላቸው ገብቶ ወሬ የሚያቀብለው ሰው ነበረው። ጥቁሮች የሚያዘጋጁዋቸውን ጋዜጦች በስውር በገንዘብ እየደጎመ፣ የተቃዋሚዎቹ ድምፅ እንዳይሰማ ይጥር ነበር። ጠበቃ የከፈለውና ሰላይ የከፈለው አንድ እጅ ነው። ወርቁ ሲፈተሽ ይህም አብሮ ይወጣል።

እኛ እስካሁን አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም። ከመካከላችን ሰውየውን በጊዜው አስቀምጣችሁ እዩት የሚሉ አሉ። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ በየዓመቱ ሰው ያለ ፍርድ በሚሰቀልበት ቦታ ትምህርት ቤት ይዞ መቆየት በራሱ ትግል ነው ይላሉ። የሚንቁት ክርክር አይደለም። ለአብዛኞቻችን ግን የከበደን ሌላ ነገር ነው። ንግግሩን በሺህ የሚቆጠር ሰው ሰማው፣ ጋዜጣ አተመው፣ ተማሪው አጠናው። ደብዳቤውን ግን ያነበቡት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። የተስኪጊ ተማሪ መምህሩ ለክስ ገንዘብ እንደሚያዋጣ ቢያውቅ ኖሮ ምን ያስብ ነበር? ያወቀው ትዕግሥትን ብቻ ነው። በመሳቢያ ውስጥ ያለ ድፍረት ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል እንጂ፣ በ1903 ድምፁን ለተነጠቀ ገበሬ ምን አስተማረው?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስኮት ያን ሁሉ ምስጢር ለምን አላቃጠለውም? በሐሰት ስም ተጽፎ፣ ተደብቆ ተልኮ፣ ከዚያ በጥንቃቄ በፋይል ውስጥ መቀመጡ ያስገርማል። ምናልባት አንድ ቀን እንዲነበብ አስበው ይሆናል። ምናልባትም ዝም ብሎ የቢሮ ልማድ ነው፤ ጸሐፊ ወረቀት አይጥልም።

ጃክሰን ጋይልስ ግን መሳቢያ አልነበረውም። የሞንትጎመሪ ነዋሪ ነው፤ ሕጉ እስኪከለክለው ድረስ ድምፁን ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። ለራሱና በዚያው አውራጃ ለሚኖሩ ከ5,000 ለሚበልጡ ጥቁሮች ብሎ ከሰሰ። ሚያዝያ 27 ቀን 1903 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ጣለበት። ዳኛ ሆምስ በጻፈው ውሳኔ የተባለው ባጭሩ ይህ ነው፤ የአላባማ ነጮች በእርግጥ ተባብረው ድምፅ ከነጠቁህ የኛ ትእዛዝ አያስቆማቸውም፣ መፍትሔውን ከክፍለ ግዛትህ ወይም ከአገሪቱ መንግሥት ፈልግ። ከዳኞቹ ሦስቱ አልተስማሙም። ጋይልስ በዚያው አልቆመም፤ እንደገና ከሰሰ፣ በ1904 እንደገና ተረታ። ከፋዩ ስሙን ሰውሯል፣ ጸሐፊውና ጠበቃው በሐሰት ስም ይጻጻፋሉ። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ግን ከሳሽ ተብሎ የሰፈረው የራሱ የጋይልስ ስም ነው፤ የሚኖረውም እዚያው፣ ከሳሾቹን በሚያውቁት ነጮች መካከል፣ ሞንትጎመሪ ነበር።