ደራሲ፣ አሳታሚና ሽልማት፤ ከደብረ ታቦር ደጋ የተገኘ የታሪክ ትምህርት

መግቢያ

አንድ አሳታሚ ድርጅት የደራስያኑን ስም በአደባባይ አስጠርቶ፣ ያገኙትንም ሽልማት ዘርዝሮ በዓል በሚያደርግበት ጊዜ ለተመልካች ጎልቶ የሚታየው የመድረኩ ድምቀት ነው። ከመድረኩ በስተጀርባ ግን ሦስት የተለያዩ ተግባሮች አሉ። እነርሱም ጽሑፉን መርጦና አርሞ ማሳተም፣ ደራሲውን ማክበር፣ መጽሐፉንም ለአንባቢ ማድረስ ናቸው። ሦስቱ ተግባሮች በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ታሪክ ውስጥ በአንድነት ተሟልተው የተገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለዚህም የደብረ ታቦርና የአካባቢው ደጋማ አገር ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆናል፤ አገሩ በሊቅና በደራሲ የበለጸገ፣ በማተሚያ ረገድ ግን ለረጅም ዘመን የሌላውን እጅ ሲጠብቅ የኖረ ነውና።

የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት

ማተሚያ ከመምጣቱ በፊት ለደራሲ ክብር የሚሰጠው በዋናነት በቅኔ ቤት ነበር። ተማሪው ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረበትን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ምስጢሩ የገባቸው ሊቃውንት «ይበል!» ብለው ያጸድቁታል። ስለዚህ አራሚውም፣ ሸላሚውም፣ አድማጩም በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ይገኙ ነበር ማለት ነው። ሥርዓቱ ግን ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ቅኔ ለዕለቱ አዲስ ሆኖ የሚቀርብ እንጂ የትናንቱ የሚደገም ባለመሆኑ፣ በቃሉ የያዘ አድማጭ ካልተገኘ ድርሰቱ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

የፎገራው ተወላጅ የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ ይህንኑ በሁለት በኩል ያሳያል። ከስማቸው ጋር የተያያዘው የአቋቋም ስልት በልጃቸው በአለቃ ተክሌ አማካይነት ደብረ ታቦር ላይ ጸንቶ፣ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደርሷል። ቀልዳቸውና ቅኔያቸው ግን በሕዝብ አፍ ሲዘዋወር ከኖረ በኋላ የእርሳቸው ያልሆነው ሁሉ ለእርሳቸው ተሰጥቷል። የጉባኤ ቤት ያለው ሙያ መልኩን ጠብቆ ሲቆይ፣ መዝጋቢ ያላገኘው ድርሰት የማን እንደ ሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

የጋፋት ዘመንና የተሰደዱት ታሪኮች

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን፣ ከከተማው ብዙም በማይርቀው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞች ሰፍረው የብረት ሥራ ይሠሩ ነበር። «ሴባስቶፖል» የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚሁ ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ ከሙያተኞቹ የተፈለገው መድፍ እንጂ ማተሚያ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የመጻሕፍት ፍቅር ጎድሎባቸው ነው እንዳይባል፣ ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት ያሰባሰቧቸውን እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍት በመቅደላ አከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ሀብት ጋር ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን ወሰደ፤ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ በታሪክ ተመዝግቧል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በዚያው ዘመን ከተጻፉት የአማርኛ ድርሰቶች መካከል የደብተራ ዘነብ የቴዎድሮስ ታሪክ አንዱ ነው። ዜና መዋዕል በግዕዝ መጻፍ ልማድ በሆነበት ወቅት ዘነብ በአማርኛ መጻፋቸው በቋንቋው እድገት ውስጥ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በአገር ውስጥ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ በፕሪንስተን ሲሆን፣ ያሳተሙትም ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ናቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአለቃ ወልደ ማርያም የቴዎድሮስ ታሪክ በሞንዶን ቪዳይሌ አማካይነት በፓሪስ ታተመ። በዚህ ሁኔታ የደብረ ታቦርን ዘመን የተረከው ጽሑፍ ከደብረ ታቦር ልጆች አስቀድሞ በውጭ አገር ሊቃውንት እጅ ገባ። ደራስያኑ በውጭ አገር ሲታወቁ፣ በአገራቸው የሚነበቡበት ቀን ገና አልደረሰም ነበር።

የአለቃ ታየ መንገድ

ከበጌምድር የይፋግ አካባቢ የተወለዱት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ደግሞ ማተሚያውን ፍለጋ ራሳቸው የተጓዙ ሊቅ ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ምጽዋ አቅራቢያ ወርደው በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት አጠናከሩ። የሰዋስው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1889 የታተመው እዚያው በምንኩሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግዕዝ አስተማሩ። ከአገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን በሃይማኖታቸው ምክንያት ተከሰው እስራት ደረሰባቸው። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ለሕይወታቸው የቀረው ዘመን ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር።

በአለቃ ታየ ሕይወት ክብርና መከራ ጎን ለጎን ይታያሉ። የበርሊን ተማሪዎቻቸው ያከበሯቸው ሊቅ በአገራቸው እስረኛ ሆነዋል። ዛሬ ስማቸው እንዲጠራ ያደረገው ግን በዘመናቸው ያገኙት ሹመት ወይም ምስጋና አይደለም፤ መጽሐፋቸው ታትሞ፣ በየጊዜውም እየታተመ፣ በአንባቢ እጅ መቆየቱ ነው።

ማተሚያ ቤት፣ አሳታሚና የሽልማት ድርጅት

አለቃ ታየ የታሪክ መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት በዚያው በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ደራስያን በአገራቸው የመታተም ዕድል አገኙ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ልዩነት አለ። ማተሚያ ቤት የቀረበለትን ጽሑፍ በዋጋ ያትማል፤ አሳታሚ ግን ጽሑፉን ይመርጣል፣ ያርማል፣ ወጪውን ይሸፍናል፣ ያከፋፍላል፣ ኪሳራውንም ይሸከማል። ማተሚያ ቤት ቢኖርም አሳታሚ እምብዛም ስላልነበረ፣ አብዛኛው ደራሲ ተበድሮ ያሳትም፣ መጽሐፉንም ራሱ እያዞረ ይሸጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከፍ ያለ ክብር ሰጠ። ከበደ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1964፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 ተሸልመዋል፤ መንግሥቱ ለማም ከተሸላሚዎቹ አንዱ ናቸው። ይህ ሽልማት ድርሰት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ለሕዝብ አስታወቀ። ሆኖም ሽልማት የሁሉንም ደራሲ ዕጣ አልወሰነም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲው ግን መጻፉን አላቋረጠም። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፈው «አንድ ለናቱ» እና የጎንደሩ ተወላጅ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» የደብረ ታቦርን ዘመን ለሰፊው አንባቢ መልሰው አቀረቡ። በዘነብ ጊዜ ወደ ውጭ የተሰደደው ታሪክ በልብ ወለድ መልክ ወደ አገሩ ገባ ማለት ይቻላል።

በደርግ ዘመን የተቋቋመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ማሳተምንና ማከፋፈልን አጣምሮ በመያዙ የቀድሞውን ጉድለት በከፊል አሟልቶ ነበር። ስሙም ለደጋው ተማሪ እንግዳ አልነበረም፤ በየመንደሩ ማታ የሚጠናው በኩራዝ ብርሃን ነበርና። ዳሩ ግን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተወገደ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። አሳታሚው የመንግሥት በሆነበት ሥርዓት መጽሐፍ ለማውጣት የሚችለው እጅ መልሶ ለመውሰድም እንደሚችል ይህ መሪር ምሳሌ ነው።

የአንባቢው ድርሻ

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት አግኝቷል። ይህ ሽልማት ከደራስያኑ ሽልማት የሚለየው ክብሩ ለአንባቢውና ለአስተማሪው የተሰጠ በመሆኑ ነው። ነገር ግን ፊደል የቆጠረ ገበሬ ከማስተማሪያው መጽሐፍ ቀጥሎ የሚያነበው ካላገኘ የተማረውን እንደሚረሳ መምህራን ያውቁታል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም ደራስያንን በማበረታታት ረገድ መልካም ሥራ ሠርቷል። በአዲስ አበባ የተሸለመው መጽሐፍ በጋይንት ወይም በእስቴ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ መገኘት አለመገኘቱ ግን የሸላሚው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዕቅድ አውጪውም ጥያቄ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከተው ታሪክ በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላል። የቅኔ ቤቱ ክብር ነበረው፣ ቅጂ አልነበረውም፤ መቅደላ መጻሕፍት ነበሩት፣ ብዜት አልነበራቸውም፤ ዘነብ አሳታሚ አገኙ፣ የአገራቸውን አንባቢ ግን በጊዜው አላገኙም፤ በዓሉ አሳታሚም አንባቢም አገኘ፣ ዋስትና ግን አልነበረውም። ስለሆነም የአንድ አሳታሚ ድርጅት ስኬት መለካት ያለበት በተሸላሚዎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ መጽሐፉ ከዋና ከተማው ምን ያህል ርቆ እንደ ተጓዘና ደራሲው በደኅና መኖሩ ነው።

ለዚህም የትምህርት ቤቶች ድርሻ ቀላል አይደለም። ዕቅድ አውጪዎች ለቤተ መጻሕፍት የሚመድቡት ገንዘብ በትክክል መጽሐፍ ሆኖ መድረሱን ቢከታተሉ፣ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ አካባቢው ሊቃውንት እየላኩ ቅኔውንና ታሪኩን ከነባለቤቱ ስም ቢያስመዘግቡ፣ በአለቃ ገብረ ሐና ድርሰት ላይ የደረሰው መደባለቅ በሌሎች ላይ አይደገምም። የደጋው ልጅ የአገሩን ታሪክ ለማንበብ የፕሪንስተንን መንገድ መጠበቅ የለበትም።