ከብራና እስከ ቪዲዮ፤ ስለ ሐይቅ ወንጌልና ስለ ክፍት ሶፍትዌር

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የተጻፈው በ1280 ወይም በ1281 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በውስጡም ባለ ቀለም ሥዕሎች አሉበት።

በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ይህ ወንጌል በቁጥር 1832 ተመዘገበ። ቅጂዎቹም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ማይክሮፊልም ሰፊውን ገጽ አሳንሶ ሩቅ አገር ያደርሳል፤ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን የሥዕሉን ቀለም ያስቀራል። ስለዚህ አንድን ነገር ስናሳንስ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጠፋ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ዛሬ ማኅሌትም ሆነ የሽማግሌ ቃል በቪዲዮ ሲቀረጽ ይኸው ጥያቄ ይነሣል። በሴኮንድ 25 ሥዕል የሚይዝ፣ ስፋቱ 1920 በ1080 ነጥብ የሆነ ቪዲዮ ሳይታመቅ ቢቀመጥ፣ የአንድ ሰዓቱ ብቻ 560 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ኮዴክ የሚባለው የማመቂያ ዘዴ ግን ብዙ ጊዜ ከሥዕል ወደ ሥዕል ያልተለወጠውን ደግሞ አይጽፍም፤ ብዙዎቹ ኮዴኮችም ዓይን የማያስተውለውን ይጥላሉ።

የዚህ ሥራ መሣሪያዎች በከፊል የተማሪዎች ፍሬ ናቸው። በ1996 በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች ቴሌቪዥንን በግቢያቸው ኔትዎርክ ለማየት የጀመሩት ፕሮግራም፣ ምንጩ በ2001 ለሁሉ ተለቀቀ፤ ቪኤልሲ የተባለው ከዚሁ የወጣ ነው። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርም በ2000 ኤፍኤፍኤምፔግን ጀመረ። በዚሁ ሥራ ውስጥ በ2003 የተወለደው ኤፍኤፍቪ1 ምንም ሳይጥል ያሳንሳል፤ የአሠራሩም ዝርዝር በ2021 ለሕዝብ ታትሟል። በ2018 የወጣው ኤቪ1 ደግሞ የፈቃድ ክፍያ እንዳይጠየቅበት ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ቪዲዮን በጠባብ መሥመር ለማሠራጨት ይረዳል።

እንግዲህ የአገር ቅርስ የሚቀርጽ ሰው ዋናውን ምንም በማይጥለው ዘዴ ያስቀምጥ፤ ለተመልካች የሚላከውን ግን አሳንሶ ይላክ። በሁለቱም ዘዴው ክፍት ይሁን። ምስጢሩ በአንድ ኩባንያ እጅ ብቻ ያለ ዘዴ ባለቤቱ ሲከስም ፋይሉንም ይዞት ሊጠፋ ይችላል፤ ዝርዝሩ የታተመውን ግን የሚያነብ ሁሉ እንደ ገና ሊሠራው ይችላል። የሐይቅ ወንጌል ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም የሚነበበው ብራናው ስለ ቆየ ብቻ ሳይሆን፣ ፊደሉን የሚያውቅ ትውልድ ስላልጠፋ ነው።