የአዳማ ከተማ እግር ኳስ ክለብ የ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን

የአዳማ ከተማ እግር ኳስ ክለብ የ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን (እ.ኤ.አ. 2020–21) ክለቡ በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የደረጃ ሠንጠረዥ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ክለቦች አንዱ ሆኖ ያጠናቀቀበት ዓመት ነው። በተለመደው ደንብ ቢሆን ኖሮ ክለቡ ወደ ከፍተኛ ሊግ ይወርድ ነበር። ሆኖም በጦርነቱ ምክንያት ሦስት የትግራይ ክልል ክለቦች ሊካፈሉ ባለመቻላቸው ክፍት ለቀሩት ቦታዎች የማሟያ ውድድር ተዘጋጀ። አዳማ ከተማም በዚህ ውድድር አሸንፎ በሊጉ ቆየ። በዚያ ዓመት ክለቡ አንድም የሊግ ጨዋታ በአዳማ አላደረገም።

ክለቡና ከተማው

አዳማ (ናዝሬት) በኦሮሚያ ክልል በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ እንዲሁም ወደ አርሲና ባሌ የሚወስዱ መንገዶች በእርሷ በኩል ያልፋሉ። የክለቡ የሜዳ ጨዋታዎች ለረጅም ጊዜ ሲካሄዱ የቆዩት በከተማው በሚገኘው አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነው። ይህ ስታዲየም በአዲስ አበባ ካለው ተመሳሳይ ስም ካለው ስታዲየም የተለየ ነው።

ክለቡ ብዙ ጊዜ «አዳማ ከነማ» በሚለው ስም ይጠራ ነበር። «ከነማ» ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ለሚለው አጠራር አሕጽሮተ ቃል ሲሆን፣ ባሕር ዳር ከነማና ፋሲል ከነማም ስማቸውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። አዳማ ከተማ በ2007 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪምየር ሊጉ ተካፍሎ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቦታውን ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ የ2013 ዓ.ም. ውጤት ለክለቡ ደጋፊዎች ያልተለመደ ነበር።

እንደ ሌሎቹ የከተማ ክለቦች ሁሉ አዳማ ከተማ በዋናነት የሚደገፈው በከተማ አስተዳደሩ ነው። በኢትዮጵያ የትኬት ሽያጭ የክለቦችን ወጪ ስለማይሸፍን፣ የተጫዋቾች ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፈለው ከመንግሥት ወይም ከድርጅት በሚመደብ በጀት ነው። የወጪው መናር ባስከተለው ስጋት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የሚል ጣሪያ ተቀምጦ ነበር።

ከውድድር ዘመኑ በፊት

የ2012 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። ሻምፒዮን አልተሰየመም፣ ወደ ታችኛው ሊግ የወረደ ክለብም አልነበረም። በዚያ ዓመት ሊጉ 16 ክለቦች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ማለትም መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከትግራይ ክልል ነበሩ። መቐለ 70 እንደርታ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነው።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ክልል ጦርነት ተቀሰቀሰ። ሦስቱ ክለቦች በውድድሩ ሊካፈሉ አልቻሉም። ሊጉም በቀሩት 13 ክለቦች ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ።

በዚሁ ዓመት የሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት ለዲኤስቲቪ ተሰጥቶ፣ ጨዋታዎች በሱፐር ስፖርት በኩል በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። ቤትኪንግ የተባለው የውርርድ ድርጅት የሊጉ የስያሜ ስፖንሰር ሆነ። በመሆኑም በፕሪምየር ሊጉ መቆየትና ወደ ከፍተኛ ሊግ መውረድ ከቀድሞው ይልቅ ሰፊ የገንዘብ ልዩነት ያለው ጉዳይ ሆነ፤ ከቴሌቪዥን ገቢው የሚካፈሉት የፕሪምየር ሊጉ ክለቦች ናቸውና።

የውድድሩ አካሄድ

የ2013 ዓ.ም. ሊግ ከቀደሙት ዓመታት በሁለት ነገር ይለያል።

አንደኛው የክለቦቹ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፍ ነበር። ውድድሩ 26 ሳምንት ሲወስድ እያንዳንዱ ክለብ የተጫወተው 24 ጨዋታ ነው፤ በጠቅላላው 156 ጨዋታዎች ማለት ነው። በ16 ክለቦች ሊግ ግን አንድ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርጋል። ስለዚህ መጥፎ አጀማመር ያደረገ ክለብ ነጥብ የሚያካክስባቸው ስድስት ጨዋታዎች ጎደሉት። የወራጅ ቀጠናው ግን አልጠበበም። ከ16 ክለቦች ሦስት ሲወርዱ አደጋው ከመቶ 19 ያህሉን ክለቦች የሚነካ ሲሆን፣ ከ13 ክለቦች ሦስት ሲሆኑ ከመቶ 23 ይደርሳል።

ሁለተኛው የመጫወቻ ቦታው ነው። ወረርሽኙን ለመከላከልና የቴሌቪዥን ሥርጭቱን ለማመቻቸት ሲባል ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለተወሰኑ ሳምንታት የሚጫወቱበት አሠራር ተተከለ። አስተናጋጆቹ በቅደም ተከተል አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። አዳማ ከእነዚህ ውስጥ አልነበረችም።

በዚህ አሠራር በሠንጠረዡ ላይ «የሜዳው ባለቤት» ተብሎ የሚጻፈው ክለብ በተግባር የሜዳ ባለቤት ላይሆን ይችላል። አዳማ ከተማ በስም የሜዳው የሆኑትን 12 ጨዋታዎች ጭምር ያደረገው ከከተማው ውጭ ነው። ተጫዋቾቹም ወራቱን በሆቴል አሳለፉ። ደጋፊውም ቡድኑን የተከታተለው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ነው። ይህ ችግር የአዳማ ብቻ አልነበረም፤ አስተናጋጅ ከተማ የሌላቸው ክለቦች ሁሉ ተጋርተውታል። ለምሳሌ የዓመቱ ሻምፒዮን ፋሲል ከነማም ከጎንደር ውጭ ነው የተጫወተው። ስለሆነም የሜዳ እጦቱ ብቻውን ለውጤቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሆኖም በሽንፈት ውስጥ ላለ ቡድን በራስ ሜዳና በራስ ደጋፊ ፊት የማገገም ዕድል አልነበረም።

ውጤት

ሊጉ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር 29 ግቦች በማስቆጠር በአንድ የውድድር ዘመን ብዙ ግብ የማስቆጠር አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

በሠንጠረዡ ግርጌ አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ወልቂጤ ከተማ ቀሩ። ከሦስቱ ውስጥ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። ወልቂጤ ከተማ ደግሞ በፕሪምየር ሊጉ አዲስ ከነበሩት ክለቦች አንዱ ነበር።

የማሟያ ውድድር

ለ2014 ዓ.ም. ሊጉ እንደገና 16 ክለቦች እንዲኖሩት ተፈለገ። ከከፍተኛ ሊጉ ሦስት ምድቦች አንደኛ የወጡት መከላከያ፣ አዲስ አበባ ከተማና አርባ ምንጭ ከተማ በቀጥታ አደጉ። በፕሪምየር ሊጉ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ከወጡት ጋር ሲደመሩ 13 ክለቦች ይሆናሉ። የትግራይ ክልል ክለቦች መመለስ ስላልቻሉ ሦስት ቦታዎች ክፍት ቀሩ።

ለእነዚህ ሦስት ቦታዎች በሐዋሳ የማሟያ ውድድር ተዘጋጀ። የተካፈሉት ስድስት ክለቦች ናቸው፦

ከፕሪምየር ሊጉ፦ አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ ወልቂጤ ከተማ

ከከፍተኛ ሊጉ፦ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ሀምበሪቾ ዱራሜ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ

በውድድሩ መጨረሻ ሦስቱም የፕሪምየር ሊግ ክለቦች ቦታቸውን አስጠበቁ፤ የከፍተኛ ሊግ ክለቦቹ ግን አልተሳካላቸውም። በዚህም የተነሳ በ2013 ዓ.ም. በሠንጠረዥ ደረጃ «ወራጅ» ከሆኑት ክለቦች አንዱም በተግባር አልወረደም።

ውጤቱ በሁለት መልኩ ሊታይ ይችላል። አዳማ ከተማ ቦታውን ያገኘው በሜዳ ላይ ተጫውቶ እንጂ በችሮታ አይደለም። በሌላ በኩል ግን ውድድሩ ሊኖር የቻለው ሌሎች ሦስት ክለቦች በጦርነት ምክንያት ከሊጉ በመራቃቸው ነው። እነዚህ ክለቦች ከሊጉ የወጡት በሽንፈት አልነበረም፤ ወደ ፕሪምየር ሊጉ የተመለሱትም አራት የውድድር ዘመናት ካመለጧቸው በኋላ በ2017 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ

በ2014 ዓ.ም. ሊጉ በ16 ክለቦች ሲካሄድ አዳማ ከአስተናጋጅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ክለቡም በከተማው የመጫወት ዕድል አገኘ። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከአስተናጋጇ ጋር ስትጫወት፣ የአዳማ ከተማው አጥቂ ዳዋ ሆጤሳ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ግብ አስቆጠረ። ጨዋታው በካሜሩን 4 ለ 1 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ክለቡ በፕሪምየር ሊጉ ባይቆይ ኖሮ ስሙ በዚህ መድረክ የመጠራቱ ዕድል ጠባብ ይሆን ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ሲሆን አዲስ አበባ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ሰበታ ከተማ ወረዱ። አዳማ ከተማና ወልቂጤ ከተማ በሊጉ ቆዩ። በሐዋሳ አብረው ከተረፉት ሦስት ክለቦች መካከል ጅማ አባ ጅፋር ያገኘው ተጨማሪ ዕድል የአንድ ዓመት ብቻ ሆነ። በማሟያው ያልተሳካላቸው ኢትዮ ኤሌክትሪክ በ2014 ዓ.ም.፣ ሀምበሪቾ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በከፍተኛ ሊጉ ባስመዘገቡት ውጤት ወደ ፕሪምየር ሊጉ አደጉ።

ሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በኦሮሚያ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በእግር ኳስ ክለብ የሚታወቁት ከአዳማ ሌላ ሻሸመኔ፣ ባቱ (ዝዋይ)፣ ነገሌ አርሲና ቢሾፍቱ ናቸው። በአዋሽ ተፋሰስ የሚገኘው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ክለብም በአንድ ወቅት በፕሪምየር ሊጉ ተጫውቷል።

ለአዳማ የ2013 ዓ.ም. ታሪክ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሻሸመኔ ከተማ ነው። ክለቡ ለ2016 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ ቢያድግም፣ በዚያው ዓመት ከሀምበሪቾ ጋር ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመለሰ። ያን ጊዜ ለወራጆች የተዘጋጀ የማሟያ ውድድር አልነበረም። በሠንጠረዡ ግርጌ መጨረስ ያስከተለውም መውረድን ነው።

ከሌሎች ሊጎች ጋር ሲነጻጸር

የሽንፈት ዓመት የሚያስከትለው ነገር እንደየሊጉ ደንብ ይለያያል።

በሰሜን አሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) መውረድ የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1972–73 ፊላደልፊያ ሴቨንቲሲክሰርስ ከ82 ጨዋታዎች 9 ብቻ አሸንፎ 73 ተሸነፈ፤ ይህም በ82 ጨዋታ የውድድር ዘመን እስካሁን ዝቅተኛው ውጤት ነው። ክለቡ ግን በሊጉ ቆየ። እንዲያውም ከአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያውን ዕድል አግኝቶ ደግ ኮሊንስን መረጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሻምፒዮን ሆነ። በእንዲህ ዓይነት ሊግ የመጨረሻ ደረጃ ለሚቀጥለው ዓመት ማካካሻ ያስገኛል።

በጀርመን ቡንደስሊጋ ደግሞ ታዝማኒያ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1965–66 ከ34 ጨዋታዎች 2 ብቻ አሸንፎ፣ 15 ግብ አስቆጥሮ 108 ተቆጠረበት። ይህ ክለብ ወደ ሊጉ የገባው ሌላው የበርሊን ክለብ ሄርታ ደንብ በመተላለፉ ሲቀጣ በተከፈተ ቦታ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቡንደስሊጋው ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሰረ።

የአዳማ ከተማ የ2013 ዓ.ም. ሁኔታ ከሁለቱም ይለያል። እንደ ፊላደልፊያ ደንቡ አልጠበቀውም። እንደ ታዝማኒያ ሁሉ በሌሎች መውጣት የተከፈተ ቦታ ቢጠቅመውም፣ ቦታውን ለመያዝ ከታችኛው ሊግ ከመጡ ክለቦች ጋር መጋጠም ነበረበት።

ዋና ዋና ክንውኖች

2012 ዓ.ም.፦ ሊጉ በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም.፦ በትግራይ ክልል ጦርነት ተቀሰቀሰ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፦ ሊጉ በ13 ክለቦች ተጀመረ።

ግንቦት 2013 ዓ.ም.፦ ሊጉ ተጠናቀቀ፤ አዳማ ከተማ በወራጅ ቀጠና ጨረሰ።

የ2013 ዓ.ም. ማብቂያ፦ በሐዋሳው የማሟያ ውድድር ክለቡ በሊጉ መቆየቱን አረጋገጠ።

2014 ዓ.ም.፦ አዳማ የሊጉን ጨዋታዎች አስተናገደች፤ ክለቡም ከመውረድ ተረፈ።

2017 ዓ.ም.፦ ሦስቱ የትግራይ ክልል ክለቦች ወደ ፕሪምየር ሊጉ ተመለሱ።