አንድ ማሽን፣ ብዙ ተከራይ፦ የነጻ ጥሪያችን ታሪክ

ሀደት የምንኖር ሁሉ ኢሽቲራክን እናውቀዋለን። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሞተር ይነሳል፤ አንዱ ቤት 5 አምፔር፣ ሌላው 10 አምፔር ይወስዳል። ሞተሩ አንድ ነው፣ ተካፋዩ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ትልቅ ሞተር አንድ ቤተሰብ ለብቻው አይችለውም፤ ተካፍለው ስለሚከፍሉ ነው የሚችሉት። ሞተሩ ሲቆም ደሞ ሁሉም አብሮ ይጨልማል።

በዋትሳፕ ለእናታችን የምንልከው መልእክትም በዚሁ ዓይነት መካፈል ነው የሚደርሰው። መጀመሪያ የሚሄደው ሰርቨር ወደሚባል ኮምፒውተር ነው። ሰርቨር ቀንና ሌሊት የማይጠፋ፣ ሥራው ለሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች መልስ መስጠት የሆነ ማሽን ነው። ይህ ማሽን ለብዙ ሰው እንዴት እንደተዳረሰ ማወቅ ይጠቅመናል፤ ከቤተሰብ የሚያገናኘን ክር በሱ ላይ ነውና። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1960ዎቹ ኮምፒውተር ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነበር። ዋጋውን የሚችለው መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ትልቅ ድርጅት ብቻ ነው። አሜሪካ ካምብሪጅ ከተማ የነበሩ የአይቢኤም ባለሙያዎች ሲፒ-40 የሚባል ፕሮግራም ሠርተው በ1967 ሥራ ላይ አዋሉት። ፕሮግራሙ አንዱን ማሽን እስከ 14 ይከፍለው ነበር። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮምፒውተር ለብቻው የያዘ ይመስለዋል። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ይሄ ነው፤ በእጅ አይነካም፣ ግን እንደ ኮምፒውተር ይሠራል።

አዲስ አበባ ያለ የኪራይ ግቢ አስቡ። በሩ አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ ክፍሎቹ ግን ብዙ ናቸው። ሁሉም በየክፍሉ ይቆልፋል፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን አይከፍትም። ማን ምን ያህል ቦታና ጉልበት እንደሚያገኝ የሚወስን አከራይ አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የአከራዩን ሥራ የሚሠራው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል። አይቢኤም ይህን ሐሳብ በ1972 ቪኤም/370 ብሎ ለደንበኞቹ አቀረበው።

ከዚያ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ረከሱ። ድርጅቶች ለየሥራው አንዳንድ ማሽን መግዛት ጀመሩ፤ አብዛኛው ግን ብዙውን ሰዓት ያለ ሥራ መብራት ይበላ ነበር። በ1998 ቪኤምዌር የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ በዓመቱ ተራውን ኮምፒውተር እንደ ድሮው ትልቅ ማሽን የሚከፋፍል ፕሮግራም አወጣ። በ2003 ከእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዜን የሚባል ማንም በነጻ የሚወስደው ፕሮግራም መጣ። አማዞን በዚሁ በዜን ተጠቅሞ በ2006 ቨርቹዋል ማሽን በሰዓት ማከራየት ጀመረ። ሐሳብ ያለው ሰው ማሽን መግዛቱ ቀረለት፤ ክፍል ይከራያል፣ ሲጨርስ ይለቃል። ዛሬ በኛም አገር፣ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ፣ የብዙ ድርጅቶችን ሰርቨር የሚያስቀምጡ የግል ዳታ ሴንተሮች ተሠርተዋል።

ሌላው መንገድ ማሽኑን ለራስ ሥራ እንዲመች አድርጎ መገጣጠም ነው። ጎግል በ1999 ብዙ ገንዘብ ስላልነበረው ርካሽ ዕቃ ገዛ። ሽፋኑን ትቶ አራት አራት ቦርድ በአንድ ትሪ ላይ ደረደረ፤ እንዳይነካኩም ከሥር ቡሽ አነጠፈ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሥራውን ይሸፍንለታል።

ዋትሳፕን በ2009 ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ያን ኩም ነው። በ16 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከዩክሬን ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እናቱ ልጅ ትጠብቅ ነበር፣ እሱ የሱቅ ወለል ይጠርግ ነበር። እኛ የምንሠራውን ሥራ ማለት ነው። ኩባንያው የተከራየው ክፍል ሳይሆን ሙሉ ሙሉ ማሽን ነበር፤ ያንን አስተካክሎ አስተካክሎ በ2012 አንድ ሰርቨር ብቻውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ስልኮችን በአንድ ጊዜ እንደያዘ አስታወቀ። የኛ መልእክት ያለ ክፍያ የሚያልፈው እንዲህ ወጪው በብዙ ሰው ስለተካፈለ ነው። ይህ ለሊባኖስም ቀላል ነገር አልነበረም። ኦክቶበር 17 ቀን 2019 መንግሥት በዋትሳፕ ጥሪ ላይ በቀን 20 ሳንቲም ሊያስከፍል ነው ሲባል ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሐሳቡም በዚያው ቀን ተሰረዘ።

ግን የተካፈሉት ነገር ሲወድቅ አብሮ ነው የሚያወድቀው። ሦስት ጊዜ በሦስት ምክንያት አይተነዋል።

አንደኛው ከማሽኖቹ ቤት ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የፌስቡክን ሰርቨሮች ከዓለም ቆረጣቸው። ዋትሳፕም አብሮ ስድስት ሰዓት ያህል ዝም አለ። ባለሙያዎቹ ከሩቅ ሊገቡ ስላልቻሉ ዳታ ሴንተሩ ድረስ በአካል ሄደው ነው ያስተካከሉት።

ሁለተኛው ናፍጣ ነው። በጃንዋሪ 2022 ቤይሩት መዝረዓ ያለው የኦጌሮ ጣቢያ ናፍጣ አልቆበት የአካባቢው ኢንተርኔት ተቋረጠ። አሜሪካ ያለው ሰርቨር ደህና ነበር።

ሦስተኛው መንገዱ ሲዘጋ ነው። በ2020፣ እኛ ሰኔ 23 ቀን 2012 በምንለው ቀን፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ አሠሪዎቻቸው ሃዝሚዬ ቆንስላ ደጅ አውርደዋቸው የሄዱ እህቶች ነበሩ። ያን ሰሞን የቤተሰብ ድምፅ ከምንም በላይ ያስፈልግ ነበር፣ ግን ሰርቨሩ ቢሠራም ድምፁ የሚያልፍበት አልነበረም።

እነዚያ ባለሙያዎች ከመጀመሪያው የሚያውቁት ነገር አለ፦ የተካፈልከውን ነገር ቅጂውን ሌላ ቦታ አኑር። ጎግል ለተበላሸው ቦርድ ሌላ ቦርድ አዘጋጀ። እኛ ሰርቨር የለንም፤ ደብተር ግን አለን። የእናትን፣ የጎረቤትን፣ የቆንስላውንና የማኅበራችንን ቁጥር በወረቀት እንጻፍ፤ ስልክ ቢቀማም ወረቀት ይቀራል። ቤት ላሉትም በተራ መስመር የሚደወልበት አንድ ቁጥር እንንገራቸው። የፓስፖርትና የኮንትራት ፎቶ በስልካችን ብቻ አይቀመጥ፤ ለምናምናት እህት እንላክ፣ ለቤተሰብም እንላክ። በተለይ ፓስፖርታችን በእጃችን ለሌለ ይህ የነገ ጉዳይ አይደለም፣ በዚህ እሑድ የሚሠራ ነው።