ከድልድል በፊት፦ የሰው ሀብት ክፍል በአሠራር ማሻሻያ ውስጥ ያለው የተዘነጋ ድርሻ

ቢፒአርን፣ የሥራ ሂደትን ከሥር መሠረቱ የመለወጥን ሐሳብ፣ በስሙ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ማግኘት ይቸግራል። የሐሳቡን ምንጭ፣ ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያወጣውን መጣጥፍ፣ በጥሞና ያነበበ ግን ያን ያህል አይገኝም። እዚህ የምከራከረው ከዚሁ መጣጥፍ ጋር ነው። ሐመር ሂደቱ አስቀድሞ ይነደፋል፣ ሰው ከዚያ በኋላ ይመደባል ብሎ የዘረጋው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። በታሪክም ቢሆን የአሠራር ማሻሻያ በብዙ ሺህ ፋብሪካዎች የተስፋፋው በሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዎች እጅ ነበር።

በመስኩ ስለተጻፈው ሌላ ነገር ባጭሩ ልለፍ። ኤድዋርድስ ዴሚንግ በ1986 ፍርሃት ከሥራ ቦታ ካልተወገደ ጥራት እንደማይሻሻል አስረድቷል። ዴቭ ኡልሪች በ1997 የሰው ሀብት ባለሙያን የለውጥ አራማጅ አድርጎ አቅርቧል። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም።

ሐመር ዋና ማስረጃ ያደረገው የፎርድ ኩባንያን የክፍያ ክፍል ነው። በሰሜን አሜሪካ ብቻ ከ500 የሚበልጡ ሠራተኞች ነበሩት። ፎርድ ሂሳቡን በኮምፒዩተር አቀላጥፎ ቁጥሩን ወደ 400 ለማውረድ ሲያስብ፣ ማዝዳ ያንኑ ሥራ በአምስት ሰው እንደሚሠራ ተረዳ። ማዝዳ በጣም ያነሰ ኩባንያ መሆኑ ታስቦም ልዩነቱ አስደንጋጭ ነበር። በነባሩ አሠራር የግዢ ማዘዣ፣ የዕቃ መረከቢያና የሻጭ ደረሰኝ በ14 ነጥቦች ይመሳከሩ ነበር፤ አንዱ ካልገጠመ ክፍያው ይቆማል። በአዲሱ አሠራር የዕቃ ተረካቢው የደረሰውን ዕቃ በኮምፒዩተር ካለው ማዘዣ ጋር ያመሳክራል። ከገጠመ ይረከባል፣ ካልገጠመ ይመልሳል፤ ደረሰኝ መጠበቅ ቀረ። የክፍሉ የሰው ኃይልም በ75 በመቶ ቀነሰ።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቀና ታሪክ ነው። ሐመር ያልጠየቀው ግን ይበዛል። ትናንት ዕቃ ቆጥሮ ወረቀት ይልክ የነበረው ተረካቢ ዛሬ የኩባንያውን ገንዘብ የሚያስከፍል ውሳኔ ይሰጣል። ማን አሠለጠነው? የሥራ ደረጃውና ደመወዙ ከአዲሱ ኃላፊነት ጋር አደገ? ሲሳሳት የሚጠየቀው እሱ ነው ወይስ አለቃው? ሐመር የሥራ ንድፍ፣ መዋቅርና የአመራር ሥርዓት አብረው መለወጥ እንዳለባቸው በጥቅሉ ይናገራል። እንዴት የሚለውን ግን ያልፈዋል። የተረካቢውም ድምፅ በመጣጥፉ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ምሳሌው ሚዩቿል ቤኒፊት ላይፍ የተባለው የመድን ድርጅት ነው። በአምስት ክፍሎችና በ19 ሰዎች እጅ ያልፍ የነበረው የመድን ማመልከቻ ለአንድ ጉዳይ ኃላፊ ተሰጠ፤ 100 የቅርንጫፍ መደቦችም ተሰረዙ። ድርጅቱ መጣጥፉ በወጣ በዓመቱ በኒው ጀርሲ ተቆጣጣሪዎች ተይዟል። ለእውነት ያህል፣ ለውድቀቱ ምክንያት የሆነው የሪል እስቴት ኪሳራ ነውና ይህን በሐመር ላይ አልቆጥርም። የምቆጥርበት ሌላ ነው፦ ሁለቱም ታሪኮች ስኬታቸውን የሚለኩት በተቀነሰ ሰውና በፈጠነ ሰዓት ነው። ቶማስ ዳቬንፖርት በ1995 ፋስት ካምፓኒ ላይ ይህን ስንፈት ነቅሶ ጽፎበታል። ሐመር ራሱም በ1996 ለዎል ስትሪት ጆርናል የምህንድስና ዳራው የሰውን ጉዳይ አሳንሶ እንዲያይ እንዳደረገው ተናግሯል። እርማቱ ግን መጣጥፉ የሄደበትን ያህል አልተጓዘም።

ወደ እኛ የመጣው ያልታረመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ የሰው ሀብት አስተዳደርንና አገልግሎት አሰጣጥን በሁለት የተለያዩ ንዑስ ፕሮግራሞች አስቀመጠ። ቢፒአር ሲመጣም የሰው ሀብት ልማትና አስተዳደር «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ተብሎ ከዋናዎቹ ሂደቶች ጎን ተሰለፈ። የጥናት ቡድኑ ነባሩን አሠራር ይፈትሻል፣ አዲሱን ይነድፋል፣ ያስጸድቃል፤ የሰው ሀብት ክፍል የሚጠራው ለድልድል ነው። ሠራተኛው ስለ ለውጡ የሚሰማው ለገዛ መደቡ በሚወዳደርበት ሰሞን ከሆነ፣ ጉድለቱን አውጥቶ የሚናገርበት ምን ምክንያት አለው?

የተዘነጋው ምንጭ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በ1940 አሜሪካ ለጦርነቱ ምርት ስትዘጋጅ ትሬኒንግ ዊዝን ኢንዱስትሪ (ቲደብሊውአይ) የተባለ ፕሮግራም ተቋቋመ። መሪው ቻኒንግ ዱሊ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ የሠራተኛ ግንኙነት ኃላፊ ነበር። ትምህርቱ በሦስት ተከፈለ፦ ሥራን ማስተማር፣ የሥራ ዘዴን ማሻሻል፣ የሥራ ግንኙነትን መምራት። ተማሪዎቹ የቅርብ አለቆች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ኮርስ በአምስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ ይፈጃል። በ1945 ሲዘጋ ከ16 ሺህ በላይ ድርጅቶችን አዳርሶ ነበር። የዘዴው ኮርስ ሥራውን ወደ ዝርዝሩ በትኖ እያንዳንዱን እርምጃ ለምን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ብሎ ይጠይቃል፤ ሐሳቡን ያመጣውም ስሙ እንዲነሳ ያዝዛል። የግንኙነቱ ኮርስ ደግሞ ሰውን የሚነካ ለውጥ አስቀድሞ እንዲነገረው ይጠይቃል። ሐመር የጎደለው ይኸው ነበር፣ ያውም ከእሱ 45 ዓመት በፊት።

ፕሮግራሙ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገባ። ቶዮታ በ1950 ከባድ የሥራ ማቆምና የሠራተኛ ቅነሳ አሳልፎ ነበር፤ በማግስቱ 1951 ሁለቱንም፣ ቲደብሊውአይንና የሠራተኞች የሐሳብ ማቅረቢያ ሥርዓትን፣ ጀመረ። አላን ሮቢንሰንና ዲን ሽሮደር በ1993 ከቲደብሊውአይ ወደ ካይዘን፣ ወደ ጃፓኑ የማያቋርጥ የማሻሻል አሠራር፣ የሚወርደውን የዘር ሐረግ በሰፊው አሳይተዋል። እኛ ካይዘንን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት አቋቁመን ስንቀበል የሥራ ቦታን የሚያደራጁትን አምስቱን ማዎች አጥብቀን ያዝን፤ የቅርብ አለቃን ማሠልጠን ግን የዚያን ያህል ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ።

ቲደብሊውአይ የጦርነት ልጅ ነው፣ ለፋብሪካ እንጂ ለቢሮ አይሆንም የሚሉ አሉ። መዝገብ ቤትም ቢሆን ወደ እርምጃ የሚበተን ሥራ ነው፤ ክርክሩ ከዚህ በላይ መልስ አይሻም።

የሥራ ዋስትና የሚለው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። ሰው ካልተቀነሰ ማሻሻያው ምን ይተርፈዋል? መልሱ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ውስጥ ይገኛል። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 የዘጋውን ፋብሪካ ከቶዮታ ጋር በኑሚ ስም በ1984 ሲከፍት አብዛኛውን ሠራተኛ ከቀድሞዎቹ መልሶ ቀጠረ። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈረመው ስምምነት ቅነሳን የመጨረሻው አማራጭ አደረገ፤ በ1988 ገበያው ሲቀዘቅዝም ሠራተኞቹ ወደ ሥልጠናና ወደ ካይዘን ቡድን ተመደቡ እንጂ አልተባረሩም። ቀድሞ 20 በመቶ ገደማ የነበረው ከሥራ መቅረት ወደ 3 ወይም 4 በመቶ ወረደ። ማሽኑም ሰውም ያው ነበር ማለት ባይቻልም፣ ሰው በአብዛኛው ያው ነበር። ፋብሪካው በ2010 መዘጋቱን የሚጠቅሱ አሉ፤ እሱ የጄኔራል ሞተርስ ኪሳራ ታሪክ ነው።

በእርግጥ ከአንድ ፋብሪካ ወደ አንድ ሚኒስቴር የሚደረግ ንጽጽር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢሆንም ከሐመር ወደ ዱሊ ስንመለስ የሰው ሀብት ዳይሬክቶሬት የሥራ ቅደም ተከተል ይለወጣል። የጥናት ቡድኑ ከመዋቀሩ በፊት የቅርብ ኃላፊዎችን የዘዴ ኮርስ ያስተምራል፤ ማሻሻያው የሚነካቸውን መደቦች ዝርዝር አውጥቶ ማን ወዴት እንደሚሸጋገር በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በውጤት ምዘናው ላይም የቀረበ ሐሳብ ነጥብ እንዲኖረው ያደርጋል። ንድፉ ለበላይ ኃላፊ ሲቀርብ ከሂደቱ ሥዕል ጋር የሥልጠናውና የሽግግሩ ዕቅድ ካልተያያዘ፣ ዳይሬክቶሬቱ ፊርማውን የመከልከል ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።