ከእንጨት ሙቀጫ እስከ ሌዘር፦ የብረታ ብረት ዱቄት ልኬት

እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ከሃያ ዓመት በላይ በምስጢር የያዘውን ሙያ ለዓለም የገለጠው በ1828፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ፕላቲነም በዘመኑ እቶን አልቀልጥ ያለ ብረት ስለነበር፣ ዱቄት አድርጎ በውሃ ይለውሰዋል፤ ይጨምቀዋል፤ አግሎ ይቀጠቅጠዋል። የሙያው ምስጢር ግን ዱቄቱ ላይ ነበር። በእጁ አሽቶ በቀጭን የጨርቅ ወንፊት ይነፋዋል፤ ከወንፊቱ ላይ የቀረውን ሻካራ በእንጨት ሙቀጫና በእንጨት ዘነዘና ብቻ ያደቅቀዋል። ከእንጨት የጠነከረ መሣሪያ የቅንጣቱን ፊት ይወለውለዋል፤ የተወለወለ ቅንጣት ደግሞ ከሌላው ጋር በደንብ አይጣበቅም። ዎላስተን መጠንን ከቅንጣቱ ገጽታ ነጥሎ አላየም።

ይህን ጥበብ የወረስን እኛ ግን መጠኑን ብቻ ይዘን ብዙ ተጉዘናል። በ1851 የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ ቅንጣት በፈሳሽ ውስጥ የሚሰጥምበትን ፍጥነት በቀመር አሰረ፤ ዲያሜትሩ እጥፍ የሆነ ቅንጣት አራት እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳል። በ1908 ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ሚ፣ ሉል ቅንጣት ብርሃንን እንዴት እንደሚበትን አሰላ። የዛሬው የሌዘር መለኪያ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው፤ ደቃቁ ብርሃኑን በሰፊ ማዕዘን፣ ትልቁ በጠባብ ማዕዘን ይበትነዋል።

አሁን ዱቄቱ የስሪዲ ማተሚያ ማሽን ቀለብ ሆኗል። ሌዘር የሚጠቀሙት ማሽኖች ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 45 ማይክሮሜትር፣ በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠሩት ደግሞ ከ45 እስከ 106 ማይክሮሜትር የሆነ ዱቄት ይመርጣሉ። ደቃቁ ከበዛ ዱቄቱ ይጓጉላል፤ በማሽኑ አልጋ ላይ በእኩል አይነጠፍም። ሻካራው ከበዛ ንጣፉ ክፍተት ይኖረዋል፤ ክፍተቱም በተሠራው ዕቃ ውስጥ ቀዳዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የተረሳው የዎላስተን ትምህርት የሚመለሰው። ወንፊት የሚመዝነው በቀዳዳው ያለፈውን ነው፤ ረጅምና ቀጭን ቅንጣትም በቁመቱ ቆሞ ሊያልፍ ይችላል። የሌዘር መለኪያው ሁሉንም ሉል አድርጎ ይቆጥራል፤ በትልቁ ላይ የተለጠፈችውን ትንሿን ቅንጣት ለይቶ አያሳይም። በማይክሮስኮፕ የሚቆጥር ሰው ቅርጹን ያያል፤ የሚያየው ግን ከናሙናው ጥቂቱን ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የአንድ ባለ 60 ማይክሮሜትር ሉል ይዘት ከ216 ባለ 10 ማይክሮሜትር ሉሎች ይዘት ጋር እኩል ነው። በቁጥር ብናሰላ ደቃቆቹ ይነግሣሉ፤ በይዘት ብናሰላ አንዱ ትልቅ ሁሉንም ይመዝናል። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ዱቄት ሁለት ላቦራቶሪዎች የተለያየ አማካይ መጠን ቢጽፉ፣ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ሊሆን ይችላል። «የዱቄቱ መጠን 35 ነው» ብሎ የተለካበትን ዘዴ ያልጻፈ ሰነድ ግማሹ የጎደለ ነው፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት አምኖ መቀበል ያለብን አይመስለኝም።

ዱቄቱ ደግሞ አንዴ ተለክቶ የሚተው ነገር አይደለም። ከኅትመት የተረፈው ተነፍቶ ተመልሶ ይገባል፤ ሌዘሩ ሲመታው የተፈናጠረው ፍንጣሪ ግን አብሮት ይሰበሰባል። ወንፊቱ ትልልቁን ፍንጣሪ ይይዛል፤ ከአየር ጋር ተዋህዶ የኦክሳይድ ሽፋን የለበሰውን ትንሹን ግን ያሳልፋል። የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎችና በሰው አጥንት ላይ የሚተከሉ የቲታኒየም ተተኪዎች በዚህ መንገድ እየተሠሩ ስለሆነ፣ የየዙሩ ዱቄት መጠኑ፣ ቅርጹና የኦክስጅን ይዘቱ በአንድ መዝገብ፣ ከነመለኪያ ዘዴው ሊሰፍር ይገባል።