ተሸካሚ ቦርድ፦ ትንሽ ኮምፒውተርን ለብቸናና ለሞጣ ማሰናዳት

ተሸካሚ ቦርድ፦ የኮምፒውተር ሞጁል ተሰክቶበት የሚሠራ የሰርኪዩት ቦርድ። ሞጁሉ ኃይል የሚያገኘው፣ ከኔትወርክ፣ ከማከማቻና ከስክሪን ጋር የሚገናኘው በዚህ ቦርድ በኩል ነው። በዓለም ገበያ «ካሪየር ቦርድ» ይባላል፤ «ቤዝቦርድ» የሚሉትም አሉ።

«ቦርድ» የሚለውን ያስቀረነው የስልክና የቴሌቪዥን ጠጋኞች «ቦርዱ ተቃጥሏል»፣ «ቦርዱ ይታይ» እያሉ ሲሠሩበት ስለኖሩ ነው። «ሰሌዳ» ብንለው አንባቢው ጥቁር ሰሌዳን ወይም የመኪና ታርጋን ያስባል።

ለሁለት የተከፈለ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ውስጥ ለመንደፍ የሚከብደው ክፍል ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው የሚገናኙበት ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ በሰከንድ ከቢሊዮን በላይ ምልክቶች ይመላለሳሉ። መስመሮቹ በርዝመት ትንሽ ቢበላለጡ መረጃው ይዛባል። ይህን መሥራት ውድ መሣሪያና የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ አምራቾች ከባዱን ክፍል በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ሠርተው ይሸጣሉ፤ ይህች ካርድ ሞጁል ትባላለች። የቀረውን፣ ማለትም የኃይል መግቢያውን፣ ሶኬቶቹን፣ ሰዓቱንና መከላከያውን፣ ገዥው እንደሚሠራበት ቦታ እንዲነድፈው ይተዉለታል። ያ የቀረው ክፍል ነው ተሸካሚ ቦርድ።

የጎጃም ገበሬ ማረሻውን ከገበያ ይገዛል፤ ሞፈርና ቀንበሩን ግን ለበሬዎቹ ቁመትና ለመሬቱ ጠባይ እንዲስማማ አድርጎ ራሱ ጠርቦ ያበጃል። የሞጁሉና የተሸካሚ ቦርዱ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ብረቱ የትም አንድ ዓይነት ነው፣ እንጨቱ ግን የአገሩ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በፋብሪካና በሕክምና መሣሪያዎች ዘንድ የቆየ ሲሆን፣ «ኮም ኤክስፕረስ» የተባለው የሞጁል ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለተማሪና ለአነስተኛ ወርክሾፕ የቀረበው ግን የእንግሊዙ ራስፕቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2014 «ኮምፒውት ሞጁል» ብሎ ባወጣው ካርድ ነው። በ2020 የወጣው አራተኛው ትውልድ ወርዱና ቁመቱ 55 በ40 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ፣ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ እስከ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና እንደ አማራጭ እስከ 32 ጊጋባይት የተበየደ ማከማቻ ይዟል። ከታች በኩል መቶ መቶ ፒን ባላቸው ሁለት ኮኔክተሮች ተሸካሚ ቦርዱ ላይ ጠቅ ብሎ ይገባል። በ2024 የወጣው አምስተኛው ትውልድም ቅርጹንና አብዛኞቹን ፒኖች ጠብቋል። ስለዚህ ታስቦበት የተሠራ ተሸካሚ ቦርድ ሞጁሉ ሲያረጅ አብሮ አይጣልም።

ዝግጁው ቦርድ ለምን አይበቃም?

አንድ ጉዳይ ይዘን እንመልከተው። ብቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ማዕከል ናቸው፤ ሁለቱም ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ ላለ ትምህርት ቤት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት እናዘጋጅ። የመማሪያ መጻሕፍትና፣ ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚነበብ ዊኪፔዲያ በትንሿ ኮምፒውተር ላይ ይጫናሉ። ተማሪዎች በግቢው ዋይፋይ፣ በስልካቸው፣ ዳታ ሳይከፍሉ ያነባሉ። ሥራው ፋይል ማከማቸትና ለብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ማደል ስለሆነ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የሚጫንበት ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ሙቀት መለካት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚህ እጅግ የረከሰ ማይክሮኮንትሮለር በበቃ ነበር፤ ተሸካሚ ቦርድ ለመንደፍ ከመነሳት በፊት ይህን መለየት ገንዘብ ያድናል።

ከገበያ የሚገዛ ዝግጁ ቦርድ የሚጠብቀው የማይቋረጥ 5 ቮልት፣ ሰዓቱን የሚነግረው ኢንተርኔትና በቀላሉ የሚነቀል ሜሞሪ ካርድ ነው። በእነዚህ ከተሞች መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ኃይሉ ከፍ ብሎ ነው። ካርዱ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ይበላሻል፣ ኮምፒውተሩም ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። ኢንተርኔት ስለሌለ ሰዓቱም መብራት በጠፋ ቁጥር ይሳሳታል። እነዚህን ችግሮች በተጨማሪ ዕቃና በኬብል ማስታመም ይቻላል፤ መፍትሔያቸው ግን ቦርዱ ላይ ነው።

ለእኛ ቦታ የሚነደፍ ቦርድ ምን ይይዛል?

መጀመሪያ ኃይል። ቦርዱ በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ እንዲሠራ ይደረግ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚስተው አንድ ቁጥር አለ፦ «12 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ያለበት የፀሐይ ፓነል ምንም ሳይጫንበት 21 ቮልት አካባቢ ያወጣል፤ የሊድ አሲድ ባትሪም ሲሞላ ከ14 ቮልት ይዘላል። ስለዚህ ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ሬጉሌተር እስከ 36 ቮልት የሚችል ይሁን። በፊቱ ፊውዝ፣ ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ ቢገባ የሚያግድ መከላከያ፣ እንዲሁም በመብረቅ ጊዜ በሽቦው የሚመጣውን ድንገተኛ ኃይል የሚያፍን ዳዮድ ይቀመጡ። የደጋው ክረምት መብረቅ የሚበዛበት ነውና ይህ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የኃይል ሒሳብ። ሞጁሉ ሥራ ሲፈታ 0.4፣ ሲበረታበት 1.4 አምፔር ገደማ በ5 ቮልት ይወስዳል። ከማከማቻው ጋር አማካዩን 4 ዋት ብንለው በቀን 96 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ በሬጉሌተሩ ላይ የሚባክነው ሲታከልበት 110 ገደማ። ይህ በ12 ቮልት ወደ 9 አምፔር-ሰዓት ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ሁለት ቀን ቢያልፍ 18 ያስፈልጋል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ ባወጣን ቁጥር ዕድሜው ስለሚያጥር፣ የምንገዛው ባለ 40 አምፔር-ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ ስዕሉ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ መሠራት አለበት።

ሦስተኛ፣ ማከማቻ። አራተኛው ትውልድ ሞጁል ለፈጣን ማከማቻ ካርድ፣ ለኤስኤስዲ፣ የሚሆን አንድ መስመር አለው። ከሞጁሉ የሚወጣው 3.3 ቮልት ግን ከ600 ሚሊ አምፔር አያልፍም፤ ኤስኤስዲ ሲጽፍ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ኤስኤስዲውን ከሞጁሉ ኃይል ላይ የሰቀለ ነዳፊ ሲሞክረው የሚሠራ፣ ሠላሳ ተማሪ ባንድ ላይ ሲከፍተው የሚጠፋ ቦርድ ይሠራል። ለማከማቻው የራሱ 3.3 ቮልት ሬጉሌተር ይሰጠው።

አራተኛ፣ ሰዓትና የመዘጋት ምልክት። በሳንቲም ባትሪ የሚሠራ የሰዓት ቺፕ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ከእሱ ጎን ባትሪው ሲዳከም ለሞጁሉ ምልክት የሚልክ ትንሽ ሰርኪዩት ይጨመር። ሊኑክስ ምልክቱን ሲያይ ፋይሎቹን ዘግቶ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል።

አምስተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው፤ በአብዛኛው መመሪያ ላይ አይገኝም፣ እኛን ግን በቀጥታ ይመለከተናል። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን አጥቦ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ከተማ የበቃ ሂት ሲንክ (ሙቀት ማስወጫ ብረት) እዚህ ላይበቃ ይችላል። የአገሩ ቅዝቃዜ ይክሳል እንዳይባል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ሳጥን እኩለ ቀን ላይ ይግላል። ሂት ሲንኩን አንድ ደረጃ ማሳደግና ሳጥኑን በጥላ በኩል መስቀል ያሻል።

የሳሳ አየር ኤሌክትሪክ በክፍተት ላይ እንዳይዘል የመከልከል አቅሙም ያነሰ ነው። ዓለም አቀፉ የኢንሱሌሽን ደረጃ በባዶ ሽቦዎች መካከል እንዲኖር የሚያዘው ርቀት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚያገለግል ነው፤ ለ3,000 ሜትር በ1.14 እንዲባዛ ያዛል። አንዳንድ ቻርጀሮች ላይ «ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ» የሚል ምልክት ያለው ለዚህ ነው። 12 ቮልት ላይ ይህ አያሳስብም፤ 220 ቮልት ላይ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ 220 ቮልትን በራሳችን ቦርድ ላይ አናሳልፍ። ለዚያ ለከፍታው የተፈቀደ አስማሚ ይገዛ፣ ምልክቱም ከመግዛት በፊት ይነበብ።

ከስዕል እስከ ቦርድ

ንድፉ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች ኪካድ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራስ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሲሆን በኋላ የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሴርን አግዞታል። ራስፕቤሪ ፓይ የራሱን የአራተኛው ትውልድ ተሸካሚ ቦርድ ንድፍ በኪካድ ፋይል ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ጀማሪ ከባዶ ገጽ መነሳት የለበትም፤ ያንን ፋይል ከፍቶ የማያስፈልገውን እያወጣ የሚያስፈልገውን ያስገባል።

ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የትኛው ፒን ከየትኛው እንደሚገናኝ የሚያሳየው የሰርኪዩት ስዕል ይሠራል። ቀጥሎ ዕቃዎቹ በቦርዱ ላይ ይደረደሩና የመዳብ መስመሮቹ ይዘረጋሉ። የኃይል መስመር ሰፊና አጭር ይሁን። ፈጣን ምልክት የሚሄድባቸው ጥንድ መስመሮች ደግሞ ጎን ለጎን፣ እኩል ርዝመት ይዘው ይሄዳሉ፤ የዩኤስቢ ጥንድ 90 ኦም፣ የኤችዲኤምአይና የኢተርኔት 100 ኦም ኢምፔዳንስ እንዲኖራቸው ይደረጋል። ይህ ኢምፔዳንስ በዋናነት የሚወሰነው በመስመሩ ስፋትና ከሥሩ ካለው የግራውንድ ንብርብር ባለው ርቀት ነው። ባለ አራት ንብርብር ቦርድ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ አንደኛው ንብርብር ሙሉ በሙሉ ለግራውንድ ይተዋል። በፈጣን መስመር ሥር ግራውንዱን መቁረጥ ትልቁ ስህተት ነው።

ንድፉ ሲያልቅ ፋይሉ ወደ ቦርድ አምራች ይላካል። በአገር ቤት ወርክሾፕ በመዳብ ላይ አትሞ በአሲድ ማሳጠብ ይቻላል፤ ለኃይል ክፍሉ መለማመጃ ይህ በቂ ነው። የሞጁሉ ኮኔክተር ግን ፒኖቹ በ0.4 ሚሊ ሜትር ርቀት ስለተደረደሩ የፋብሪካ ሥራ ይፈልጋል።

ቦርዱ ሲመጣ ሞጁሉን ወዲያው መሰካት አይገባም። መጀመሪያ በቴስተር በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል ሾርት አለመኖሩ ይታያል። ቀጥሎ ያለ ሞጁል ኃይል ይሰጠውና 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ መሆኑ ይለካል። ከዚያ በርካሽ ሬዚስተር ጭነት ተደርጎበት ቮልቴጁ አለመውረዱ ይታያል። ሞጁሉ የሚሰካው ይህ ሁሉ ሲያልፍ ነው። አንድ ጥንቃቄ ይጨመር፦ ሞጁሉ ራሱ ሳይነሳ በሌላ ፒን በኩል ኃይል እንዳይገባበት፤ ሌሎቹ ዕቃዎች ከሞጁሉ በኋላ እንዲነሱ ተደርጎ ይነደፍ።

ማን ይጀምረው?

ይህ ሥራ የሚጠይቀው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ መበየጃና ትዕግሥት ነው። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክ ሙያ ማስተማር ከጀመረች ስድስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ተስፋፍቷል። ተማሪዎቻችን የኦምን ሕግ ያውቃሉ፤ ጠጋኞቻችን ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሥር የስልክ ቺፕ ነቅለው ይተካሉ። ሁለቱን ዕውቀት የሚያገናኝ ሥራ ቢኖር ተሸካሚ ቦርድ ነው። ፕሮሰሰር የሚሠራ ፋብሪካ ለመትከል አቅማችን ላይደርስ ይችላል። የብቸናን መብራት፣ የሞጣን ክረምትና የደጋውን አየር ግን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ነዳፊ በየትም አገር አይገኝም።

አጀማመሩ ቀላል ይሁን። አንድ ተማሪ መጀመሪያ ከባትሪ 5 ቮልት የሚያወጣውን የኃይል ክፍል ብቻ ነድፎ ለአንድ ክረምት ይፈትነው። ሁለተኛው ሰዓቱንና የመዘጋት ምልክቱን ይጨምርበት። የኃይል ክፍሉ ክረምቱን ሲያልፍ ኮኔክተሩን በማስገባት ወደ ሙሉው ቦርድ ይኬዳል። ፋይሉም ክፍት ሆኖ ይቀመጥ፤ ብቸና ላይ የተነደፈውን ሞጣ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ባለበት ሊያሳትመው፣ ጉድለት ሲያገኝበትም አርሞ ሊመልሰው ይገባል።